እጃቸው የሚንቀጠቀጥና ሽታ የጠፋባቸው ወላጆች ላሏችሁ፦ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ጤና መኮንን ልጠቁማችሁ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ጤና መኮንን እናቴን ስላየበት መንገድ በአደባባይ ላመሰግነው ፈልጌ ነው።

እናቴ የመንዝ ሴት ናት። ሲኒ ስታነሣም ሆነ ሱፍ ስትፈትል እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጭኗ ላይ ስታሳርፈው ግን ይተዋታል። አባቷም እንዲሁ ነበሩ። ያስደነገጠን ሽታ መጥፋቱ ነው። ወጥ ሲያርባት ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል። ሌላ ቦታ ወስደናት በቅጡ ሳይመረምሯት «ፓርኪንሰን ነው» (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ) ሲሉን ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ይሄ ልጅ «እማማ» እያለ አስኬዳት፣ ጣቶቿን አስከፈተ፣ አስጨበጠ፣ ወረቀት ላይ ጥምዝምዝ መስመር አስሣላት። ዓይኗን አስጨፍኖ በአንድ በአንድ አፍንጫዋ ቡናና ጤና አዳም አስሸተታት። እኔ በርበሬ ላምጣ ብል ሳቀብኝ፤ ለካ በርበሬ የሚታወቀው በማቃጠሉም ነው እንጂ በጠረኑ ብቻ አይደለም! አረቄ ስትቀምስ መንቀጥቀጡ ቀነስ እንደሚልላት አፍራ ስትነግረውም አልተቆጣም። «ብዙ ሰው ላይ እንዲያ ነው፣ መድኃኒት ግን አይሆንም» አላት።

ፓርኪንሰን ላይ እጅ በአብዛኛው የሚንቀጠቀጠው አርፎ ሳለ ነው፤ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ሰውነት ይገተራል። የማሽተት አቅምም በአብዛኞቹ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ። የእናቴ ዓይነቱ፣ ኢሴንሻል ትሬመር የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በዘር የሚሄድ ነው፤ ሽታን እንዲህ ድርግም አድርጎ ማጥፋት ግን ጠባዩ አይደለም። «ስለዚህ የአፍንጫውን ምክንያት ለብቻው እንፈልግ» ብሎ በባትሪ ሲያይ ውስጡ ሥጋ አድጎ አገኘ። ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ጻፈልን፤ ለእጇም የነርቭ ሐኪም እንዲያረጋግጥ ላካት። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛትም እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ፣ እሱ እንዳይሆን ደም አስመርምሯል።

አሁን አፍንጫዋ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ይዛ ሽታው በመጠኑ እየተመለሰላት ነው። ለእጇ ፕሮፕራኖሎል ታዞላታል፣ አስም እንደሌለባት ከተጠየቀች በኋላ። መንቀጥቀጡ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሲኒውን ጎደል አድርገን እንቀዳላታለን።

በገበያ ቀን ወረፋው ያስመርራል፣ ስልክ የምታነሣዋም ልጅ ቆጣ ትላለች፤ ቻሏት። ስሙን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት ራሱ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።