የ10 ኩባያ ባብል ቲ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

የባብል ቲ (ሥሩ የሚታኘኩ ፍሬዎች ያሉበት የወተት ሻይ) ወዳጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ። ካሸሯ ፈገግ ብላ «የ10 ኩባያ አሁን ከከፈሉ 2 በነጻ ይጨመርልዎታል» ስትላችሁ ቶሎ ብላችሁ ኪሳችሁ አትግቡ። ቅናሹ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሒሳቡ ልክ ነው። 12 ጠጥቶ የ10 መክፈል ማን ይጠላል? ግን የከፈላችሁበት ነገር ገና አልተቀቀለም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ምናልባትም ከወር በኋላ ነው የሚቀቀለው። ያን ቀን ምን ዓይነት ሆኖ እንደሚቀርብላችሁ የሚያውቅ የለም።

ፍሬዎቹን እናንሳ። ኩባያው ሥር የሚዘቅጡት ጥቁር ኳሶች ታፒዮካ ናቸው፤ ከካሳቫ ሥር ከሚወጣ ስታርች ይሠራሉ። ብዙዎቹ ካፌዎች ሳይበስሉ ነው የሚገዟቸው። ብዙ ውሃ ውስጥ ይቀቅሏቸዋል፣ እሳቱን አጥፍተው ከድነው ያሳርፏቸዋል፣ በመጨረሻ ስኳር ሽሮፕ ውስጥ ይነክሯቸዋል። እንደ ፍሬው ትልቀትና ዓይነት ቢለያይም፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ይህን ያህል የተለፋበት ነገር ታዲያ ዕድሜው አጭር ነው። ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ጠንቃቃ ቤቶች ከተቀቀለ አራት ሰዓት ገደማ ያለፈውን ይደፉታል። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ዳቦ የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ነገሩን ያፋጥነዋል እንጂ አያድነውም።

እንግዲህ አስቡት። ፍሬው የሚቆየው ለሰዓታት፣ ካርዱ ለወራት።

ስሙን የማልጠራው አንድ ካፌ ይህንኑ ካርድ ሸጦልኛል። መጀመሪያ አካባቢ ቅር የሚያሰኝ ነገር አልነበረውም። ፍሬው ለብ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርስ ሲያርፍበት መለስ የሚል ነበር። ሻይውም ሻይ ሻይ ይላል። እየቆየ ግን ነገር ተበላሸ። አንድ ቀን ወደ ማታ ገባሁ። ልጁ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ሲሰድ ፍሬዎቹ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ ጓል ወጡ። ጭልፋውን የድስቱ ጠርዝ ላይ ደጋግሞ መታው። አልላቀቅ ሲለው ሙቅ ውሃ አፈሰሰበትና በማንኪያ በታተነው። ኩባያ ውስጥ ጨምሮ፣ ወተቱን ደፍቶ፣ በማሽን አሽጎ ሰጠኝ። ስትሮውን ሰክቼ አንዱን ፍሬ ብቻውን ነከስኩት። ከላይ ያዳልጣል፣ መሃሉ ደረቅ ዱቄት ነው።

«መቼ ነው የተቀቀለው?» አልኩት።

«ዛሬ ነው።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

ወደ ጓደኛው ዞረ። ጓደኛው ስልኩን ያያል። ይቀየርልኝ ስል ካርዱን ገለበጠና ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። በካርድ የተወሰደ መጠጥ አይቀየርም፣ ገንዘብም አይመለስም።

የዚህ ካርድ ዋናው ጣጣ ይኼው ነው። በየጊዜው የሚከፍል ደንበኛ ካልጣመው ነገ ማዶ ካለው ካፌ ይገባል። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ያረጀውን ፍሬ ደፍቶ አዲስ ይጥዳል። እናንተ ግን የትም አትሄዱም። ብራችሁ እዚያ ታስሯል። ድስት ሙሉ ፍሬ መድፋት ኪሳራ ነው፤ ማታ ላይ ለማን ብሎ ይደፋዋል? ሁሉም ካፌ እንዲህ ያደርጋል አልልም። ሲከፈለው የሚያፍር፣ ቅድሚያ የከፈለውን ደንበኛ የበለጠ የሚንከባከብ ቤትም አለ። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከከፈላችሁ በኋላ ነው።

«በነጻ» የተባሉት 2 ኩባያዎች ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ናቸው። የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ የካርዱ ጊዜ ያልፋል፣ ወይም ሰው ይሰለቻል። ደረስን ብንል እንኳ ጥያቄ አለ። ካርዱ የሚሠራው ለትንሹ ኩባያ ብቻ ነው ወይስ ለትልቁም? ፍሬው ሒሳቡ ውስጥ አለ ወይስ እንደ ተጨማሪ ይከፈልበታል? ቅዳሜና እሁድ ይሠራል? ሌላው ቅርንጫፋቸው ይቀበለዋል? ሱቁ ቢዘጋ ቀሪው ብር የት ይሄዳል? ይህን ሁሉ ካሸሯን ጠይቋት። በወረቀት ያልሰፈረውን «ችግር የለውም» እንደ መልስ አትቁጠሩት።

ግድግዳ ላይ «የታይዋን ትክክለኛው አሠራር» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ልባችሁ እንዳይከጅል። መጠጡ የታይዋን ነው፣ እሱ ሐቅ ነው። የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ሁለት ሻይ ቤቶች ይወዛገቡበታል፤ አንዱ የታይቹንግ ከተማው ቹን ሹይ ታንግ፣ ሌላው የታይናን ከተማው ሀንሊን። ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው አሥር ዓመት ገደማ ተካሰዋል። ጉዳዩ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲቋጭ ፍርድ ቤቱ አሸናፊ አልመረጠም። ፓተንት (የፈጠራ መብት) የሌለው መጠጥ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል አለ። ስለዚህ ያን ጽሑፍ የሚከለክል ሰው የለም። ማንም ይለጥፈዋል።

ቤቱን መመዘን ከፈለጋችሁ ያለ ጌጥ የተሠራውን እዘዙ። ትንሹ ኩባያ፣ ተራው የወተት ሻይ፣ ታፒዮካ ብቻ፣ ስኳሩ ቀነስ ያለ፣ በረዶው ትንሽ። የተለያዩ ካፌዎችን የማወዳድረው በዚህች ትእዛዝ ብቻ ነው። ክሬም፣ ጄሊና ኩኪስ ከተደረደረበት ሻይው ምን እንደሚል መስማት አይቻልም። መጀመሪያ ፍሬውን ለብቻው ቅመሱ። ጥሩ ፍሬ ከዳር እስከ መሃል አንድ ዓይነት ነው፤ ይለመጣል፣ ግን አይላቁጥም። መሃሉ ነጭና ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ወይ በደንብ አልበሰለም፣ ወይ አርጅቷል። ቀጥሎ ሻይውን ብቻ ሳብ አድርጉት። ወተቱን አልፎ ምረት ቢጤ ምላሳችሁ ላይ ከቀረ ሻይ አለ ማለት ነው። ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ከወረደ፣ ሻይውን ስሙ ላይ ብቻ ነው ያገኛችሁት።

ወተቱስ? «የወተት ሻይ» ከሚባለው ስንቱ ነው ወተት ያለበት! በብዙ ቦታ የሚገባው ወተትን የሚተካ የክሪመር ዱቄት ነው። ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የአትክልት ዘይትና ሶዲየም ኬዝኔት የተባለ ፕሮቲን ይገኝበታል። ይህ ፕሮቲን የሚወጣው ከወተት ነው። ስለዚህ የወተት አለርጂ ያለበት ሰው «ወተት የለውም» ሲሉት ማመን የለበትም፤ የዱቄቱን ማሸጊያ አሳዩኝ ይበል። አለርጂ ለሌለን ደግሞ ጉዳዩ የብር ነው። ክሪመር እንደ ክሪመር ይሸጥ፣ ቅር አይለኝም። በትኩስ ወተት ዋጋ ሲሸጥ ነው የሚያንገበግበኝ።

የታሮ ሻይም ነገር እንዲሁ ነው። ታሮ የምድር ውስጥ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ ሲፈጭ ግራጫ የቀላቀለ ፈዛዛ ሐምራዊ ይሆናል። ዓይን የሚወጋ ደማቅ ሐምራዊ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም የገባበት ዱቄት ነው። ኩባያው ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር የሚሠራው፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው መጠጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሻይ የሚባል ነገር የለውም። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ፣ ወተትና ፍሬ ነው። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም። ሻይ ፈልጎ የገባ ሰው ግን ይጠይቅ።

ስኳር ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤቶች 0፣ 30፣ 50፣ 70፣ 100 በመቶ ብለው ያስመርጣሉ። 0 ብላችሁም ስኳር አለ፤ ምክንያቱም ፍሬዎቹ ራሳቸው ሽሮፕ ውስጥ ተነክረው ነው የሚቀመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ጣሪያ በቀን 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከ25 በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል። ስኳሩ ያልተቀነሰለት 500 ሚሊ ሊትር ባብል ቲ ብቻውን በቀላሉ ከ30 ግራም ያልፋል። በካርድ የተገዛ ሲሆን ደግሞ ጊዜው ከማለፉ በፊት ልጨርሰው ተብሎ በላይ በላዩ ይጠጣል።

«ትንሽ ጨምረው ትልቁን ይውሰዱ» የሚባለውንም ተጠንቀቁት። 700 ሚሊ ሊትሩ ኩባያ ውስጥ የሚጨመረው ምን እንደሆነ ቆማችሁ እዩ። ከአንዱ ካፌ ትልቁን ወስጄ እስኪያልቅ ጠጣሁት፤ በረዶው ከግማሽ በላይ ቀርቶ ነበር። በሌላ ቀን እዚያው ቤት «ያለ በረዶ» አልኩ። መጠጡን ያንኑ ያህል ለክተው፣ የኩባያውን ላይኛውን ክፍል ባዶ አድርገው አሸጉት። ቢያንስ ግልጽ ሆነልኝ፤ የተከፈለበት መጠጥ ያችው ናት። ከመክፈላችሁ በፊት «በረዶ ካስቀነስኩ ይሞላልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሞሉ አሉ።

ሲነከሱ ጭማቂ የሚረጩት ባለቀለም ኳሶች ታፒዮካ አይደሉም። ከባሕር አረም በሚገኝ አልጂኔትና በካልሲየም የተሠራ ስስ ሽፋን ውስጥ የታሸገ ጭማቂ ናቸው። ብዙ ጊዜ በባልዲ ተዘጋጅተው ይመጣሉ፣ የሚቀቅላቸውም የለም። ማታ ለሚገባ ሰው እንዲያውም ከደረቀ ታፒዮካ ይሻላሉ። ግን ያለ ልፋት የመጣውን እንደ ልዩ ነገር ቆጥረው ዋጋ ሲጨምሩባችሁ ዝም አትበሉ። ከትንሽ ልጅ ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ኳስ የሚባለውን በሙሉ ተዉት። በሰፊው ስትሮ በአንዴ ተስቦ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። የጀርመን የምግብ አደጋ ግምገማ ተቋም በ2012 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ አስጠንቅቋል።

ካርዱን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ቶሎ ተጠቀሙበት። ፍሬው አዲስ የሚሆነው መቼ መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ በዚያ ሰዓት ግቡ። ኩባያውን እንደተቀበላችሁ እዚያው ባንኮኒው ላይ አንድ ፍሬ ቅመሱ። ከጠነከረ ወዲያው መልሱት፤ ግማሹን ጠጥታችሁ ብትመልሱ ማንም አይሰማችሁም። «በካርድ የተወሰደ አይቀየርም» ካሏችሁ ሥራ አስኪያጁን ጥሩ። የካርዱን ጀርባና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። የደረሰኙ ጽሑፍ እየቆየ ደብዝዞ ሊጠፋ ይችላል።