መርፌ ለምንፈራ የግፊት ታካሚዎች፦ ማራኪ በኩል ላለችው ሲስተር ምስጋና

ጎንደር ውስጥ የደም ግፊት ክትትል ላላችሁ፣ በተለይም መርፌ ስታዩ ላብ ለሚያጠምቃችሁ፣ አንዲት ሲስተር ልጠቁማችሁ ነው። በዚያውም ላመሰግናት። ስሟን ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳት «ጋሼ፣ ስሜን ከጻፉማ ከነገ ጀምሮ አያገኙኝም!» ብላ ሳቀች፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ማራኪ በኩል ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የግፊትና የስኳር ታካሚዎችን የምትከታተል ነርስ ናት። የትኛው እንደሆነ ለፈለገ በውስጥ መስመር እነግረዋለሁ።

እኔ መምህር ነኝ፤ ሃምሳን አልፌያለሁ። ሰው ፊት መቆም አይከብደኝም። መርፌ ሲመጣ ግን፣ ገና ባለሙያው ጓንቱን ሲያጠልቅ ጆሮዬ ይጮኻል፣ አፌ ይደርቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ከዚያ የማውቀው ሰዎች ከወለል ሲያነሱኝ ነው። አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ደም ሊቀዳልኝ የተዘጋጀው ልጅ ጓደኞቹን ጠርቶ «ኑ እዩ፣ ይሄን የሚያህል ሰውዬ!» አለ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ይደረጋል።

በእኛ አገር የሚበዛው እንኳ ተቃራኒው ነው። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው ሞልቷል። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ «አንተ፣ ለምን አንዴ በመርፌ አያወርዱልህም?» ይለኛል። ሲስተር መጀመሪያ የገላገለችኝ ከዚህ ምክር ነው። «የእርስዎ መድኃኒት ክኒን ነው፤ በየዕለቱ የሚዋጥ። መርፌ የምናስበው ለምርመራ ብቻ ነው» አለችኝ። ምርመራውም ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቀድሞ የምወስደው አምሎዲፒን ብቻ ነበር፤ ኋላ ሐኪሙ ኢናላፕሪል ጨመረልኝ። ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ኩላሊቱና በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም መታየት አለበት። ግፊቱ ራሱም ቢሆን ምንም ሕመም ሳያሰማ ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነው። ለምን እንደሚወጋ ያወቀ ሰው ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ግን ቢያንስ የሚፈራው ነገር ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መርፌ የሚፈራ ሰው ግፊቱ በትክክል ለመለካት ያስቸግራል። ልቡ እየደለቀ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ ተተክሎ የሚወጣው ቁጥር የፍርሃቱም ጭምር ነው። ክኒኑ የሚጨመረው ወይም የሚቀየረው ደግሞ ያንን ቁጥር አይቶ ነው። ከመርፌው ጠረጴዛ አጠገብ ተለክቼ 172/104 የወጣበት ጊዜ ነበር። እሷ ዘንድ አሠራሩ ሌላ ነው። ገና ስገባ «ዛሬ የደም ምርመራ አለ፣ አልደብቅዎትም። ግን መጀመሪያ ግፊት ነው የምንለካው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ደግሞ መርፌ የለም» አለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ጀርባዬን አስደግፋ፣ እግሬን ሳላነባብር መሬት አስረግጣ፣ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ በልቤ ትክክል አሳርፋ 5 ደቂቃ ዝም አሰኘችኝ። ወሬ ስጀምር በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ ለካ ማውራትም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ሽንት መያዝም፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህ የተጠጣ ቡናም እንዲሁ። ኮቱንም አስወልቃ በባዶ ክንዴ ላይ ለካችኝ። 148/92 ሆነ። «ግፊት የለብዎትም» አላለችኝም፤ ከ140/90 በላይ ነውና። ግን በ172 እና በ148 መካከል ያለው ልዩነት ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ እሷም ካርዴ ላይ መርፌ እንደምፈራ ጽፋ ነው ወደ እሱ የላከችኝ።

መውደቄን ስነግራት አልሳቀችም፤ «ሲወድቁ እንዴት ያደርግዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። ከዚያ ያስረዳችኝን ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። ደምና መርፌ አይቶ የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዝቅ ይላሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲያንስ ሰውየው ይዘረራል። ስለዚህ የግፊት በሽተኛ ሆኖ ግፊት ወርዶበት መውደቅ አለ ማለት ነው! ለባለቤቴ ስነግራት አላመነችኝም።

ለዚህ የሚሆን ዘዴም አለ። የሚወጋውን ክንድ ዘና አድርጎ፣ ሌላውን ጡጫ ጨብጦ፣ ጭንን፣ ሆድንና እግርን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ፊት ሞቅ እስኪል ማጥበቅ፤ ከዚያ ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ መልቀቅ፤ እንደገና ማጥበቅ። ጡንቻው ሲጠብቅ ግፊቱ እንዳይወርድ ይደግፈዋል። ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ላርሽ ጎራን ኦስት የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያጠናውና ያስተዋወቀው ዘዴ ሆኖ አገኘሁት። ጥንቃቄም አለው፤ ጡንቻ ማጥበቅ ግፊትን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ፣ ግፊቱ በጣም የጨመረበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይሞክረው። እኔንም ያስጀመረችኝ ሐኪሙን አስፈቅዳ ነው። ግፊት ቀድማ የምትለካበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ላብራቶሪ ድረስ አብራኝ ሄደች። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እያለ! (እዚያ ቀን ወረፋ ለነበራችሁ ይቅርታ።) ለላብራቶሪው ልጅ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረችው፤ አልጋ ላይ አጋደመኝ፣ ዕቃውን ከዓይኔ አርቆ አዘጋጀ፣ ቀጭኗን ባለ ክንፍ መርፌ መረጠልኝ። ጠዋት ውሃ ጠጥቼ እንድመጣ ቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ለስኳር ምርመራ ምግብ እንጂ ውሃ አይከለከልም፣ ደም ስር ለማግኘትም ይረዳል። «ሊወጋዎት ሲል ልንገርዎት ወይስ ዝም ልበል?» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። እግሬን እያጠበቅሁ ስለ ልጆቼ ስትጠይቀኝ አለቀ። ፈርቻለሁ፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ አልወደቅሁም ግን። ጥቂት ጋደም ብዬ ከቆየሁ በኋላ በእግሬ ወጣሁ።

ስለ ምግቡም ዝርዝር ወረቀት ሰጥታ አላሰናበተችኝም። «ቡና በጨው ነው በስኳር?» ብላ ጀመረች። ገጠር ያደግን ሰዎች መልሳችን ይታወቃል። ከዚያ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው ሲፈጭ የሚገባበት ጨው ሁሉ እንደሚቆጠር፣ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳያልፍ ነገረችኝ። እዚህ ላይ ለባለቤቴ እንጂ ለእኔ መንገር ብዙ አይጠቅምም፤ እሷም ገብቷት በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቴን አስመጣችኝ።

የጾሙን ነገር ግን ሌላ ቦታ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በጾም ቀን እስከ ቅዳሴ መውጫ ድረስ ስንቱ ክኒኑን እንደሚያሳልፍ እናውቃለን። «ጾሙን ይተዉ» አላለችኝም። ስንት ሰዓት እንደምበላ ጠይቃ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ፣ ክኒኖቼን ማታ በአንድ ቋሚ ሰዓት እንድወስድ አደረጉልኝ። የእናንተ መድኃኒት ሌላ ሊሆን ስለሚችል የእኔን ሰዓት አትቅዱ፤ ለምሳሌ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። ጠይቃችሁ አስተካክሉ።

የሚነቀፍ ነገር አጣህ ወይ ካላችሁ፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለምትሰጥም ይረዝማል። የቸኮለ ሰው ይበሳጫል። በጠዋት ድረሱ፣ የጤና መድህን ደብተራችሁን አትርሱ፣ የምትወስዱትን ክኒን ከነማሸጊያው ያዙ። ስትገቡ ቀድማችሁ «መርፌ እፈራለሁ» በሏት፤ ቀሪውን እሷ ታውቃለች።

ሲስተር፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የወለዱሽ ይባረኩ።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ ይጻፍልኝ፤ ወረፋ አብረን እንይዛለን።