ስለ ጾታዊ ሕይወትና ስለ አካል ጉዳት ፍትሕ ኮርስ ለመቅረጽ ጎንደር ላይ የተሰጠ ሥልጠና፦ የአንድ ተሳታፊ ግምገማ

በቅርቡ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለአምስት ቀናት የተሰጠውን ሥልጠና ተከታትያለሁ። ዓላማው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ጾታዊ ሕይወትና ስለ አካል ጉዳት ፍትሕ (አካል ጉዳትን ከድህነት፣ ከዘርና ከጾታ ጋር አስተሳስሮ ስለሚመለከተው አስተሳሰብ) የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ቀርጸው እንዲወጡ ማገዝ ነበር። የአዘጋጁን ድርጅት ስም አልጠቅስም። በይዘት ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በአዘገጃጀቱ ግን አፍሬአለሁ።

ያሳፈረኝን ላስቀድም። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሕንፃው አሳንሰር የለውም። በመጀመሪያው ቀን በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ አንዲት ባልደረባችንን ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ተሸክመው አወጧት። ከተቀመጠች በኋላ፣ «ሰውነቴ የራሴ መሆኑን ልማር መጥቼ ገና ደረጃው ላይ ለማላውቃቸው ሰዎች አስረከብኩት» አለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው እንደሚያዝ አዘጋጆቹ አያውቁም ለማለት ይከብዳል፤ አዋጁ በሦስተኛው ቀን የንባብ ጽሑፍ ውስጥ ተካቷልና። በማግስቱ ወደ ምድር ቤት ክፍል ተዛወርን። የታደለን ሰነድም ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሣ ስለነበር የኮምፒውተር አንባቢ ሶፍትዌር ሊያነበው አልቻለም፤ ከመካከላችን ያሉት ሁለት ዓይነ ስውራን መምህራን በጎረቤቶቻቸው ንባብ ተከታተሉት።

የሥልጠናው እውነተኛ ዋጋ የታየው በሕግ ላይ በተደረገው ውይይት ነው። አሠልጣኟ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 አነበቡልን። አንቀጹ ጽንስ ማቋረጥ ከሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች አንዱ አድርጎ የሚያስቀምጠው፣ ነፍሰ ጡሯ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል መሆኗን ነው። ከዚያ አጠገብ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 23 አስቀመጡ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው ይህ ስምምነት፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የማግባት፣ ቤተሰብ የመመሥረትና የልጆቻቸውን ቁጥር ራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንዲት የአዋላጅነት መምህርት አንቀጽ 551 ለብዙ ሴቶች የሕክምና በር የከፈተ በመሆኑ እንዳይነካ ተከራከረች። የሕግ መምህሩ ደግሞ በሩ የተከፈተው ሴቲቱን ለእናትነት የማትበቃ አድርጎ በመቁጠር ነው አሉ። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልተነሣም። አሠልጣኟ ክርክሩን በፍርድ አልዘጉትም፤ ተማሪው የግል ሕይወቱን ሳይገልጥ ሊመልሰው የሚችል የፈተና ጥያቄ ከዚሁ ክርክር እንድናወጣ አዘዙን። ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ሰረዝኩ፤ በሃያ ዓመት የማስተማር ልምዴ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ፍሬ ያለው ክፍል ስለ ቃላት የተደረገው ነው። እኛ መምህራን ነገሩን ሁሉ «ሥነ ተዋልዶ ጤና» ብለን ስንጠቀልለው ፍቅር፣ ፍላጎትና ፈቃድ ከቃሉ ውጭ ይቀራሉ፤ መውለድ ብቻ ይተርፋል። «ወሲብ» ስንል ደግሞ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት የሚሠራው ተሳታፊ የነገረን ከዚህ የባሰ ነው፦ መስማት የተሳናት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉምላት ወንድሟ ወይም እናቷ በመሆናቸው፣ ልትጠይቅ የመጣችውን ሳትጠይቅ ትመለሳለች። በእኔ ኮርስ ውስጥ አሁን አንድ ሙሉ ሳምንት ለምስጢር ጥበቃና ለማስተርጎም ተመድቧል።

የአካል ጉዳት ፍትሕ አመጣጥ ግን በአንድ ሰዓት ተገፍቶ አለፈ። አስተሳሰቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ፓቲ በርንንና ሚያ ሚንገስን ጨምሮ አካል ጉዳት ባለባቸው ጥቁርና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ የመብት አራማጆች አሜሪካ ውስጥ የተቀረጸ መሆኑ፣ ከመብት ጥያቄ አልፎ ድህነትን፣ ዘርንና ጾታን ከአካል ጉዳት ጋር አስተሳስሮ መመልከቱ በእንግሊዝኛ ስላይድ ብቻ ተነገረን። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችውን ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤን የመሰለ ምሳሌ ከአገር ቤት እያለ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሣቱ አስገርሞኛል። ስለ ምዘና የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ከማንኛውም የመምህራን ሥልጠና የተለየ ነገር የለውም።

የመስክ ሥራው ሐሳብ ግን ለጎንደር የተሰፋ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጤና ተማሪዎችን በቡድን አደራጅቶ ወደ ኅብረተሰቡ የመላክ የቆየ ልማድ አለው። አሠልጣኟ አካል ጉዳት ያለባቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ለዚሁ የቡድን ሥልጠና በክፍያ አብረው እንዲያስተምሩ፣ ታሪካቸውን ለማስጎብኘት ብቻ እንዳይጠሩ አሳሰቡ። የክፍያውን በጀት ከየት እንደምናመጣ ግን አልነገሩንም።

የተዘጋጀ ኮርስ ተቀብሎ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ይከፋዋል፤ የሚሰጠው ባዶ ሠንጠረዥና ብዙ ጥያቄ ነው። ጤና፣ ሕግ ወይም ማኅበራዊ ሥራ ለሚያስተምር ሰው ግን አምስቱ ቀናት የሚያስቆጩ አይደሉም። ከመመዝገብዎ በፊት ሰነዱ በምን መልክ እንደሚታደልና አዳራሹ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ይጠይቁ።