ቴሌግራም ለወላጅና ለመምህር፦ ማስታወቂያ ያደርሳል፣ ምስጢር አይይዝም

ባሕር ዳር ውስጥ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ከኮሙኒኬሽን ደብተሩ ሌላ የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ መግባቱ የተለመደ ሆኗል። ፈተና መቼ እንደሚጀመር፣ ለጢስ ዓባይ ጉዞ ምን ተይዞ እንደሚመጣ ለማሳወቅ ከቴሌግራም የሚቀል የለም። ለዚህም ቢሆን ከግሩፕ ቻናል ይሻላል፤ ቻናል ላይ ወላጆች እርስ በርስ አይተያዩም፣ ከአስተዳዳሪው በቀር የአባላቱን ዝርዝር የሚያይ የለም።

ጣጣው የሚመጣው ወላጅ ግሩፑ ላይ መጻፍ ሲጀምር ነው። «ልጄ አስም አለባት፣ ስፖርት አታሠሯት»፣ «ዛሬ 10 ሰዓት ላይ የሚወስዳት ሌላ ሰው ነው»፣ ከዚያ የክፍያ ስክሪንሾት ከነሒሳብ ቁጥሩና ከነልጁ ስም። ይህን የሚያነበው መምህሩ ብቻ አይደለም። የኮንትራት ባጃጅ ሹፌሩ፣ ልጁን ካዛወረ በኋላ ያልወጣ ወላጅ፣ የእናቱን ስልክ የያዘ ታላቅ ወንድምም እዚያው አሉ። «ቻት ሂስትሪ ፎር ኒው ሜምበርስ» የሚለው ክፍት ከሆነ ደግሞ ዛሬ የገባ ሰው የቆየውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ያነባል። አስተዳዳሪው ይህንን እንዲዘጋና «ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንቴንት»ን እንዲያበራ ጠይቁት። ሁለተኛው ፎርዋርድ ማድረግን ይከለክላል፤ በሌላ ስልክ ካሜራ ማንሳትን ግን አያስቀርም።

ከእናንተ በኩል «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ፎን ነምበር»ን «ኖባዲ» አድርጉ። ከሥሩ በቁጥራችሁ ማን እንደሚያገኛችሁ ይጠይቃል፤ «ማይ ኮንታክትስ» በሉት። የልጁን ፎቶ ከፕሮፋይል አንሱ።

ለመምህሩ በግል መላክ ይሻላል፤ ሆኖም ተራው ቻት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት «ሲክሬት ቻት» የሚባለውን ነው፤ እሱም በተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሚኖር መምህሩ ስልክ ከቀየሩ አይገኝም። ስለዚህ የጤና ጉዳይ ሲሆን ወረቀት ይበልጣል። ለክፍል ኃላፊው በእጅ ይሰጥ፣ ሌላ ማን እንደሚያየውም እዚያው ይጠየቅ። የሚጻፈው የሕመሙ ታሪክ ሳይሆን መምህሩ ሊያደርጉት የሚገባው ነው፦ «ኢንሄለሯ ቦርሳዋ የፊት ኪስ ውስጥ አለ። ትንፋሽ ሲያጥራት ይስጧትና ወዲያው ይደውሉልኝ።» የሐኪም ማስረጃው ሙሉ ቅጂ ካልተጠየቀ አይሰጥ።

ከሁሉም የከፋው ሮስተር በፎቶ ተነሥቶ ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ የሃምሳ ልጅ ውጤትና ደረጃ ከነስሙ ይወጣል። «ቲቸር፣ ሮስተሩን ያንሡልን፤ የልጄን ውጤት በካርድ እቀበላለሁ» ብሎ በግል መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፣ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። የአዋጁን ቁጥር ግን በመጀመሪያው ቀን አትምዘዙት፤ መምህሩን ያስኮርፋል እንጂ ፎቶውን አያወርድም።

ትምህርት ቤቱ የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒ ሲጠይቅ በቴሌግራም ለፎቶ ኮፒ ቤት መላክም አለ። ፋይሉ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ «ዳውንሎድስ» ሥር «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባለው ፎልደር ይቀራል፣ ቀጥሎ የመጣ ደንበኛም ሊከፍተው ይችላል። ዋናውን ይዞ ሄዶ ኮፒ ማስደረግ ይሻላል። ከተላከ ግን ፋይሉንም ቻቱንም ከፊታችሁ ያጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑም ባዶ ይደረግ።