ሪሶርስ ሞኒተር፦ ዲስኩን ማን እንደያዘው ይናገራል

አራት ኪሎ ቢሮ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት) "ዲስክ 100%" ይላል፤ በየትኛው ፋይል ምክንያት እንደሆነ ግን አይነግርም። ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለው ፕሮግራም ይነግራል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዳውንሎድም ክፍያም የለውም፤ በእኛ ኔትወርክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዲስክ የሚለውን ታብ ስትከፍቱ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል በሰከንድ ስንት ባይት እያነበበና እየጻፈ እንደሆነ፣ ዲስኩም ምላሽ ለመስጠት ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀበት እዚያው ታያላችሁ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን የምላሽ ጊዜ ነው። የሚነበበውና የሚጻፈው ትንሽ ሆኖ ቁጥሩ መቶዎች ውስጥ ከቆየ ዲስኩን ጠርጥሩ፤ ፒያሳ ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊትም ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ። የማይመቸኝ ያለፈውን መዝግቦ አለማስቀመጡ ነው። ለዚያ ፐርፎርማንስ ሞኒተር የሚባል ሌላ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ።