ኤክስቼንጅ ወይስ የራስ ዋሌት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ከፒያሳ ደሴ ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ክሪፕቶዬን (እንደ ቢትኮይን ያለውን የኢንተርኔት ገንዘብ) የት ላስቀምጥ?» አስቀድመን ሕጉን እንወቅ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳስቧል። በብር ስትገዙ ብትጭበረበሩ አቤት የምትሉበት በር ጠባብ ነው።

ኤክስቼንጅ፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢንተርኔት ድርጅት፣ ይቀላል። ፓስወርድ ቢጠፋባችሁ ያስተካክሉላችኋል፤ መሸጡም ፈጣን ነው። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ቁልፍ ግን በእነሱ እጅ ነው። ኤፍቲኤክስ የሚባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ በኅዳር 2015 ሲከስር ደንበኞቹ አካውንታቸው ላይ ቁጥሩን እያዩ ማውጣት አቃታቸው።

የስልክ ዋሌት ክሪፕቶውን ራሳችሁ የምትይዙበት መተግበሪያ ነው፤ በነፃ ይጫናል። ስትከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ይሰጣችኋል። ቁልፉ እነዚያ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢሰረቅ ቃላቱን አዲስ ስልክ ላይ አስገብታችሁ ሁሉንም ትመልሳላችሁ። ቃላቱም ስልኩም ከጠፉ ግን አለቀ፤ ሌላ ሰው ካያቸው ደግሞ ገንዘቡ የእሱ ሆነ ማለት ነው። እባካችሁ ስክሪንሾት አታንሱ፤ ቴሌግራም ላይም አታስቀምጡ።

ሃርድዌር ዋሌት ፍላሽ የሚመስል ዕቃ ነው፤ ቁልፉን ከኢንተርኔት አርቆ ይይዛል። ጠንካራ ነው፣ ግን በዶላር ነው የሚገዛው። ለትንሽ ቁጠባ አያዋጣም። ያገለገለ ከሆነ ፈጽሞ አትግዙ።

የምትይዙት ነገርም ይለያያል። የቢትኮይን ጠቅላላ ብዛት ከ21 ሚሊዮን አይበልጥም፤ ሆኖም የአንዱ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ69 ሺህ ዶላር አካባቢ ከ17 ሺህ በታች ወርዶ ያውቃል። ዩኤስዲቲ የሚባለው ሌላ ክሪፕቶ ዋጋው ከዶላር ጋር ይሄዳል፤ አውጪው ድርጅት ቴተር ግን ሲፈልግ የዋሌት አድራሻ ያግዳል። ቃላቱን ብትይዙም ማገዱን አትከለክሉትም።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ነገር አይረሳም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በእነዚያ ቀናት ዳቦ የገዛው በእጅ የነበረ ብር ነው። የሸሸ ሰው ግን ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም፤ 12 ቃላት የተጻፉባት ወረቀት ከኪስ ትገባለች።

ስለዚህ እኔ ብሆን የወር አስቤዛ ያህል ጥሬ ብር ቤት አስቀምጣለሁ። ቢጠፋ የማያስርበኝን ብቻ ቢትኮይን ገዝቼ በስልክ ዋሌት እይዛለሁ። ኤክስቼንጅ ላይ የሚያድር ገንዘብ አይኖረኝም። ቃላቱን በእስክሪብቶ ሁለት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አንዷን ደሴ ከቤቱ ካርታ ጋር፣ ሌላዋን ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ፣ በታሸገ ፖስታ።