ከፕላስቲኩ የማይወጣ ጠገራ አትግዙ

በፕላስቲክ የታሸገ ጠገራ ብር የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «እስቲ ከፍተህ አሳየኝ» በሉት። እምቢ ካለ ደህና ዋል ብላችሁ ሂዱ። እኔም ጠይቄ ነበር። እምቢ ሲለኝ ግን አልሄድኩም።

ስጦታ ነበር የፈለግኩት። አጎቴ ዘንድሮ ሰባ ሊሞላው ነው። ልጅ ሳለ አያቱ አንገት ላይ ያያቸውን ጠገራዎች እስካሁን ያወራል። አንድ ባገኝለት ብዬ ቴሌግራም ላይ ስፈልግ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ፎቶው ያምራል። የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ትሬዛ ከነሻሿ፣ ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ዙሪያዋን ጥቁር ስፖንጅ ከቧታል። ከላይ ወርቃማ ወረቀት ተለጥፎ «1780 ኦሪጅናል» ይላል። ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀጣጥረን ተገናኘን። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

በእጄ ስይዘው ከበድ አለኝ። «ይከፈታል?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የታሸገ ነው። ከከፈትከው ዋጋ የለውም» አለኝ።

አነጋገሩ የባለሙያ መሰለኝ። ከፈልኩ።

ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የሸወደችኝ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ብትሆን ኖሮ እነቃ ነበር። ግማሽ እውነት አላት። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች አሉ። የቆየ ሳንቲም መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ ቁጥር ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጋሉ። ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ የሳንቲሙን ዝርዝር ማየት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ከሰበራችሁት ደረጃውም ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል። የኔው ላይ ግን ምንም ቁጥር አልነበረም። ወርቃማ ወረቀትና ሱፐር ግሉ ብቻ። ያሸገው ራሱ ሻጩ ነው።

ለምን ያሽገዋል? ይሄን የገባኝ ቆይቶ ነው። ጠገራ ሲመረመር ዋናው ነገር ያለው ፊቱ ላይ አይደለም፣ ጠርዙ ላይ ነው። የእውነተኛ ማርያ ትሬዛ ጠርዝ ላይ በላቲን «ዩስቲትያ ኤት ክሌሜንትያ» የሚል ጽሑፍ ጎላ ብሎ ዙሪያውን ይዞራል። ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። በቅርጽ ማፍሰሻ ቀልጦ የተሠራ የውሸት ሳንቲም ብዙ ጊዜ እዚሁ ጠርዝ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ከ100 እጁ 83.3ቱ ንጹሕ ብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት ብርም በጣም ይቀራረባል፦ 28.075 ግራም፣ 83.5 ከመቶ። ሦስተኛው ድምፅ ነው። የድሮ ሰዎች ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ያዳምጡት ነበር። እንግዲህ አስቡት። ጥቁሩ ስፖንጅ ጠርዙን ሸፈነ። ፕላስቲኩ ሚዛኑን አበላሸ። ድምፁን ደግሞ ሁለቱም አፈኑት። የቀረልኝ ማግኔት ብቻ ነበር። ማግኔት ደግሞ ብረትን እንጂ መዳብና ነሐስን አያጋልጥም።

አጎቴ ስጦታውን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ታዲያ እንዴት ነው የምይዘው?» አለኝ። «በእጄ ካልያዝኩት ምኑን ጠገራ ሆነ? ፎቶውን ብትሰጠኝ አይሻልም ነበር?» እውነቱን ነው። ልክፈትልህ ብዬ መልሼ ወሰድኩት።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነው። ስህተቱን በደንብ የምነግራችሁ እንዳትደግሙት ነው። መጀመሪያ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። አንድ ቪዲዮ ላይ «ሲቀዘቅዝ ይላቀቃል» ሲባል ሰምቼ ነበር። ለደረቅ ሙጫ አንዳንዴ ይሠራል፣ ቅዝቃዜ ያሰባብረዋልና። ሳንቲሙን አጥብቆ ለያዘ ፕላስቲክ ግን ተቃራኒው ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ከብር በበለጠ ይኮማተራል፤ ያዡ ይጠብቃል ማለት ነው። ሲሞቅ ደግሞ ከብሩ በበለጠ ይሰፋል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ አጠበቅኩት። ጠዋት ካቻቢቴ አምጥቼ መጋጠሚያው ላይ ሰክቼ ገፋሁ። ካቻቢቴው አመለጠኝ። የእቴጌይቱ ጉንጭ ላይ ከአፍንጫዋ እስከ ጆሮዋ የሚደርስ መስመር ተሰመረ። ከ1780 ጀምሮ ያልደረሰባትን እኔ ቤት ደረሰባት፤ ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሦስተኛውን ስህተት ልሠራ ስል ነው የቆምኩት። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አንስቼ ፕላስቲኩን እንዳለ ልነክረው ነበር። አሴቶን ስላለው ያቀልጠዋል ብዬ። ማቅለጡን ያቀልጠዋል። ግን የቀለጠው ፕላስቲክ እንደ ማስቲካ ሆኖ ሳንቲሙ ላይ ይለጠፋል፤ ፊደላቱ መሃል ገብቶ ይደርቃል። ይሄን የነገሩኝ አንድ በዕድሜ የገፉ አንጥረኛ ናቸው። መስቀል የሚሠሩ ሰው ናቸው፣ ጠገራ ሲያቀልጡ ኖረዋል። ይዤላቸው ስሄድ ጉንጯን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ በምን መታሃት?» አሉኝ።

የሠሩት ሥራ አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ። ፕላስቲኩን በፎጣ ጠቅልለው አንዱን ጥግ ብቻ አስቀሩት። ጥጉን በሴጌቶ፣ ማለትም በብረት መጋዝ፣ ሳንቲሙ ካለበት ራቅ አድርገው ትንሽ ቆረጡ። መጋዙ ወደ መሃል አልሄደም፤ ሙጫው እስኪጋለጥ ብቻ ነው። ከዚያ የተቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ከተው ጠመዘዙት። መግፋት የለም፣ መጠምዘዝ ብቻ። ቀጭ አለና በሙጫው መስመር ለሁለት ተከፈለ። ዓይናቸው ላይ መነጽር ነበር። እናንተም አድርጉ፤ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሰበር ስንጥሩ ይበራል።

ስፖንጁ ግን ጠርዙ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ነበር። ጎትተው አላነሱትም። ፕላስቲኩ ከተወገደ በኋላ አሴቶን ሥራው መጣ። ንጹሕ አሴቶን፣ ቀለምና ሽቶ የገባበት የጥፍር ማስለቀቂያ አይደለም። በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ መስኮት ከፍተው፣ ከከሰሉ አርቀው ነከሩት። አሴቶን እንደ ቤንዚን ነው፣ ትነቱ ራሱ እሳት ይይዛል። ቡታጋዝ አጠገብ እንዳትሞክሩት። አንዳንድ የፕላስቲክ ኩባያም አብሮ ይቀልጣል። ሱፐር ግሉ አሴቶን ውስጥ ይሟሟል፤ ብሩን ግን አይነካውም። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ስፖንጁ በራሱ ጊዜ ለቆ ተንሳፍፎ አገኘነው።

ከዚያ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞሩት። ዝም አሉ። «ና እየው» አሉኝ።

ከእቴጌይቱ ራስ በላይ ያለው ጠርዝ ላይ ጽሑፉ ይቋረጣል። የጥፍር ያህል ቦታ ተሞርዷል። ሥሩ ላይ የብየዳ እድፍ አለ። ይሄ ጠገራ የአንገት ጌጥ ነበር። ማንጠልጠያ ተበይዶበት ብዙ ዓመት ተንጠልጥሏል። በኋላ አንድ ሰው ማንጠልጠያውን ነቅሎ፣ ሞርዶ፣ በጥቁር ስፖንጅ ሸፍኖ፣ «ኦሪጅናል» ብሎ አሸገው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ከ28 ግራም በታች ሆነ። ብሩ ብር ነው፣ የውሸት አይደለም። ለሰብሳቢ ግን እንዲህ የተበየደ ጠገራ ከብሩ ክብደት ብዙም የዘለለ ዋጋ አያወጣም። እኔ የከፈልኩት የንጹሑን ዋጋ ነው።

በነገራችን ላይ ማንጠልጠያው ነውር አይደለም። የአጎቴ አያትም ያሰሩት እንዲያ ነው። «ማንጠልጠያ ነበረው» ብሎ በልኩ ቢሸጥልኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር፤ ለስጦታውም ይበልጥ ይመቸኝ ነበር።

ለሻጩ ደወልኩለት። መልሱን ገምቱ። «ወንድሜ፣ አሽጌ ስሰጥህ ደህና ነበር። የከፈትከው አንተ ነህ። ጭረቱም ያንተ ነው።» ወጥመዱ ይሄ ነው። ለማወቅ መስበር አለባችሁ። ከሰበራችሁ ደግሞ መመለስ አይቻልም። ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የ1780ውም ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በሱ ነው። ማርያ ትሬዛ የሞተችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ቀኑ እዚያው ቆሞ ቀረ። ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ መትተውታል፤ ሁሉም 1780 ይላል። ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ፣ በፈረንጅ በ1935፣ የመምቻውን ማኅተም ተረክቦ ሮም ላይ መትቶታል። ቪየና ዛሬም ይመታል። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ የቆየ» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እንደማታውቁ አውቋል። አንጥረኛው የኔውን አገላብጠው «አንተን ሊበልጥህ ይችላል፣ እኔን ግን እንጃ» አሉኝ።

ምናልባት ይህን የምታነቡት ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሆናል። እንግዲያው ካቻቢቴውን አስቀምጡና መጀመሪያ መያዣው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ክብ ሆኖ ሁለት ክዳን ያለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሙጫ የለበትም፤ ጠብቆ ነው። ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ ሁለቱን ክዳኖች በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሯቸው። የፈላ ውሃ አያስፈልግም። ካርቶን ላይ በስቴፕለር የተመታ ከሆነ ስቴፕለሩን አንድ በአንድ በፒንሳ ንቀሉ። ካርቶኑን ቀዳችሁ ስታወጡት ሽቦው ሳንቲሙን ይቧጭረዋል፤ ይሄ ከካቻቢቴዬ ቀጥሎ የተለመደው አደጋ ነው።

ለስላሳው፣ የሚታጠፈው የላስቲክ ኪስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አሽትቱት። አዲስ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ የሚሸተውን ከሸተተ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ ከጊዜ ብዛት አሲድና ቅባት ነገር ያወጣል። ብሩ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ እድፍ ይሠራል፣ ውሎ ሲያድርም ይበላዋል። ላስቲኩ ተጣብቆ ከሆነ አትጎትቱት። ዙሪያውን በመቀስ ቁረጡና ቀስ ብላችሁ ግለጡት። የቀረውን እድፍ ያው አሴቶን ያወጣዋል። በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቃችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጉት፣ አትሹት። ውሃውን የባትሪ ውሃ ከሚሸጡ ሱቆች ታገኛላችሁ። ብቻ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ አደራ።

ሲወጣ ጠቁሮ ታገኙት ይሆናል። ተዉት። ሎሚ፣ አመድ፣ ኮልጌት፣ ምንም። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። ውጭ የምትኖሩ ደግሞ ከሀገር ይዛችሁ ልትወጡ ካሰባችሁ፣ አሮጌ ዕቃ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጉዳይ አለበት፤ ኤርፖርት ከመድረሳችሁ በፊት ጠይቁ።

አጎቴ አሁን ጠገራውን ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ጥሎ አዳመጠው። «ድምፁ ደህና ነው» አለ። ጭረቱን አይቶ ሳቀ፣ የተሞረደውን ቦታ ግን በአውራ ጣቱ ደባብሶ ቆየ።

ዛሬ ጠዋት ያንን ቻናል ከፍቼ አየሁት። ሦስት አዲስ ጠገራዎች ወጥተዋል። ሦስቱም በጥቁር ስፖንጅ።